ሁለቴ የተጨመረ ጨው

«ለእህትሽ ንገሪያት፤ ሻዩ ቀዝቅዟል» አሉ አባቷ ከሳሎኑ ወንበራቸው ሳይነሱ። ወጥ ቤቱ ከዚያ ቢርቅ አሥር እርምጃ ነው። ታላቅ እህቷ እዚያ ቆማ የዳቦ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ በመዳፏ እየሰበሰበች ነበር። በሁለቱ መሃል ያለው ጠባብ መተላለፊያ የሚጢ ነው፤ ማንም አልሰጣትም፣ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጫማዋን የምታስረው፣ ፀጉሯን የምታበጥረው፣ የአንዱን ቃል ተቀብላ ለሌላው የምታቀብለው እዚያ ቆማ ስለሆነ የሷ ሆኖ ቀርቷል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሚጢ የሚለው ስም ግን በልጅነቷ ተለጥፎባት እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። አንገቷን ወደ ወጥ ቤቱ አስግጋ፣ «እትዬ፣ አባዬ እባክሽ ሻዩን አሙቂልኝ ብለዋል» አለች። እህቷ ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ መለሰችው። «ይሞቃል። እግር ያለው ሰው ግን ራሱ መጥቶ ማሞቅ ይችል ነበር» አለች። ሚጢ ወደ ሳሎኑ ዞረች። «እሺ አባዬ ብላለች።»

ነገሩ የተጀመረው በአልጋ ነው። እናትየው በሞቱ በወሩ፣ ታላቅየዋ ማንንም ሳታማክር የእናቷን አልጋ ለጎረቤት ሰጠች፤ ባዶውን ማየት አልቻልኩም አለች። አባትየው ከውጭ ሲገቡ አልጋው የለም። ያን ቀን «ንገሪያት» ተወለደ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን በአንድ ክፍል ያየ ሰው የለም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው በሌላ በር ይወጣል። ሽማግሌው ሳሎን እንደነበሩ የሚታወቀው ትራሱ በመጎድጎዱ ነው፤ እሷ ወጥ ቤት እንደነበረች የሚታወቀው ሳህኑ በመታጠቡ ነው። ሚጢ ደግሞ የሰማችውን እንዳለ ማድረስ አልሆነላትም። በመጀመሪያው ሳምንት ደረቁን ቃል እንዳለ ብታደርሰው ሳህን ተሰበረ። ስለዚህ ከአባትየው ቃል ላይ አንዲት «እባክሽ» ጨመረች፤ ከእህቷም መልስ ላይ ነገረኛውን ቆርጣ «እሺ አባዬ» ተካችበት። ቤቱ ረጋ። አንዲት ቃል ናት፤ ማንን ትጎዳለች?

አምና እህቷ መሄጃ አግኝታ ነበር። ከኋላ ባለችው ክፍል የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ነው የምትኖረው፤ የድሮ የሥራ ጓደኛዋ ሌላ ከተማ ውስጥ ትልቅ የልብስ ስፌት ከፍታ ‹ነይና የቆራጮቹ አለቃ ሁኚልኝ፣ ቤቱም አለ› አለቻት። ሻንጣዋን አወረደች፤ ግማሽ ድረስ ሞላች፤ በሦስተኛው ቀን መልሳ ባዶ አደረገችው። «እንዴት ጥዬው ልሂድ?» አለች፣ የታጠፈ ቀሚስ በእጇ እንደያዘች። «ድንጋይ የነበረ ሰው አሁን እባክሽ ይለኛል። እየለሰለሰ ያለ ሰው ተጥሎ አይኬድም።» ሚጢ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። ደስ ያላት ለራሷ ነው፤ ከሽማግሌው ጋር ብቻዋን መቅረቱ አስፈርቷት ነበርና።

ዛሬ ግን የቤቱን ነገር የምታስብበት ቀን አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አራት ዓመት የተለፋበት ሥራ ሊከፈት ነው። የምትሠራበት የሰማይ ምርምር ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ‹በጥገና ላይ› የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ቆይቶ ወረቀቱ ራሱ ቢጫ ሆኗል። ክፍሉ ውስጥ ሰባት ጠረጴዛ፣ አንድ የደረቀ ተክልና ከጥግ እስከ ጥግ የተዘረጋ የኮረንቲ ገመድ አለ። የሚፈልጉትን ነገር አንድ ቀን ለእህቷ ስታስረዳት እንዲህ ነበር ያለችው፦ በሰማይ ውስጥ የማይታዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ጨለማ ቁስ የሚሉት፣ በክብደቱ ይሰበስባል፤ ከዋክብት ተጠራቅመው የሚኖሩት እሱ ስለያዛቸው ነው። ሁለተኛው፣ ጨለማ ኃይል የሚሉት፣ ይገፋል፤ ሰማዩን እየለጠጠ ሁሉን ያራርቃል። «ካልታዩ በምን አወቃችኋቸው?» አለች እህቷ። በሚታዩት ነው፤ የከዋክብቱ መንጋ የት እንደተሰበሰበ፣ የፈነዱት ኮከቦች ምን ያህል እንደራቁ ተለክቶ ነው። «ታዲያ ጥያቄው ምንድነው?» ጥያቄው ሁለቱ ይነጋገራሉ ወይ ነው፤ አንዱ ከሌላው ይወስዳል፣ ይሰጣል፣ ወይስ በአንድ ቤት እየኖሩ አንዱ የሌላውን ደጅ አይረግጥም? እህቷ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ እስክታነባ ሳቀች። «ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፍሏችሁ? እኛ ቤት ብትመጡ በነፃ ታዩት ነበር!»

ሚጢ የዚህ ሥራ ጨው ጠባቂ ናት። ሰው ማየት የሚፈልገውን ማየት ይወዳል፤ ፕሮፌሰርም ሰው ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ስውር መጠን በልኬቶቹ ላይ ይጨመራል፣ ቁጥሩም በፖስታ ይታሸጋል፤ ሌሎቹ መልሱ የቱ ጋ እንዳለ ሳያውቁ፣ እንዳያዳሉ ሆነው ይሠራሉ። ሁሉም ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ሲፈርም ፖስታው ይከፈታል፣ የተጨመረው ይቀነሳል፣ እውነተኛው መልስ ይወጣል። ስውሩን መጠን በዚህ ቢሮ ጨው ነው የሚሉት። ‹ጨው አለው?› ‹አለው።› ሚጢ እዚህ በጊዜያዊ ውል አሥር ዓመት ሠርታለች፤ ውሉ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። የቡድኑ መሪ ፕሮፌሰሩ ‹ይቺ ነገር ትውጣ እንጂ ቋሚ ትሆኛለሽ› ብለዋታል፤ ‹ይቺ ነገር ትውጣ› ማለት ከጀመሩም ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ደረጃውን ስትወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የፕሮፌሰሩን ድምፅ ሰማች። ስልክ ሲያወሩ እንዳይሰሙ ወደ ደረጃው ይወጣሉ፤ ደረጃው ደግሞ ከቢሮው ይልቅ ያስተጋባል። «አዎ፣ ይነጋገራሉ በሉ» ይላሉ። «መግለጫው ታትሟል፤ ነገ አራት ሰዓት ጋዜጠኞቹ ይመጣሉ። ኧረ መከፈቱ ለወጉ ነው፣ አዝማሚያው ይታወቃል። ስሞቹ? ስድስት ናቸው። እሷ? እሷ እኮ ጨው ጨማሪ ናት፤ ወጡን የሠራው እያለ ጨው ያቀበለ ስሙ ይጻፋል እንዴ?» ሳቁ። ሚጢ እጇን የደረጃው ብረት ላይ እንዳደረገች ቆመች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። እሳቸው ወጥተው በሩ እስኪዘጋ ድረስ ጠብቃ፣ ገና አሁን የደረሰች መስላ እያለከለከች ገባች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በትልቁ ስክሪን ዙሪያ ቆሙ። ጸሐፊዋ ብስኩት በሳህን አቀረበች፤ አምና በዚያው ዋጋ ሁለት እጥፍ ይሞላ የነበረ ሳህን። ከሁሉም ወጣቱ፣ ነገር ከመባሉ በፊት ስለሚፈጽም ችኩሉ የሚሉት ተመራማሪ፣ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ተቀመጠ። ሚጢ ፖስታውን ቀደደች፣ ቁጥሩን አነበበች፤ ችኩሉ አስገባ። ስክሪኑ ላይ መልሱ የሚወጣው በአንድ ቁጥር ነው፦ ዜሮ ከሆነ ሁለቱ አይነጋገሩም፤ ከዜሮ ከራቀ ይነጋገራሉ። ዜሮ ነጥብ አንድ አራት ወጣ፤ የስህተት ወሰኑ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። ችኩሉ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። ተጨበጨበ፣ ተቃቀፉ፤ ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። የሚጢንም ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «ጨውሽ ጣፋጭ ነበር» አሏት።

እሷ ግን ብስኩቷን ሳትነክስ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ፖስታው ውስጥ ያለው ቁጥር የርቀት ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ደግሞ የንግግሩ መጠን ነው። አንዱን ወደ ሌላው መመንዘር የምትችለው ጨው ጠባቂዋ ብቻ ናት። መነዘረችው። ዜሮ ነጥብ አንድ አራት። ወደ ስክሪኑ ቁጥር ጠጋ ያለ አልነበረም፤ ራሱ ነው፣ እስከ መጨረሻው አሃዝ። የሥራ መዝገቡን ከፈተች። ጨው በጨመረችበት ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ‹ተጨመረ› ይላል፤ ከሥሩ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ‹ተጨመረ› ይላል።

ያ ከሰዓት ትዝ አላት። አባቷ ደውለው ነበር። «ለእህትሽ ንገሪያት፤ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ቁልፍ ረስቼ ነው፤ ትክፈት።» በስልኩ ውስጥ የእህቷ የስፌት ማሽን በመስኮት ሲንኳኳ ይሰማ ነበር፤ በሩን በጣታቸው ቢነኩት ትሰማቸዋለች። ግን አያንኳኩም። ሚጢ ከከተማው ማዶ ሆና ለእህቷ ደወለች፤ «እትዬ፣ አባዬ በር ላይ ናቸው፤ እባክሽ ክፈቺልኝ ብለዋል።» እህቷ አልከፍትም አለች፤ ተለመነች፤ ከፈተች። ሚጢ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ጨው የሚጨምረውን ትእዛዝ ተጭናው እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም። ተጫነችው። ወሬ የያዛት ሴት ድስቱ ውስጥ ሁለቴ ጨው እንደምትጨምር፣ በትክክል እንደዚያው። ፋይሉ ሁለቴ መጨመርን አይከለክልም፤ እንዲከለክል ማድረግ የሷ ሥራ ነበር። አሁን አንዱ ተቀንሶ አንዱ ቀርቷል። እዚያ ማዶ የሚጨበጨብለት ንግግር የሰማይ አይደለም፤ የሷ ነው።

ዝም ብትልስ? ለጥቂት ደቂቃ አሰበችው፤ ሐሰት አልነግራችሁም። ዝም ብትል ውሏ ይታደሳል። ዝም ብትል ነገ እነዚያ ስድስት ስሞች በጋዜጣ ይወጣሉ፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ አገር ያለ ሌላ ቡድን ይለካና ያላግጥባቸዋል፣ የሷ ስም ደግሞ ድሮም አልተጻፈ። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል ይባላል፤ እሷ ሳትጣፍጥም ጣፍጣም ድንጋይ ተብላለች። በቀሉ ከደመወዙ የበለጠ አፏን ሞላው። ከዚያ ግን የችኩሉን ድምፅ ሰማች፤ ለእናቱ እየደወለ ነበር። «እማ፣ አገኘነው!» እያለ ይጮሃል። ተነሳችና የፕሮፌሰሩን በር አንኳኳች።

ጠረጴዛቸው ላይ የታተመው መግለጫ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። ሲሰሟት ቀለማቸው ቀስ እያለ ሄደ፤ ግን አልጮሁም። ተነስተው በሩን ዘጉት። «ማን ያውቃል?» አሉ። «እርስዎና እኔ።» «ስለዚህ ይቆይ። ነገ ይነገራል፤ ከሦስት አራት ወር በኋላ ‹ተጨማሪ ማጣራት› ብለን እናስተካክለዋለን። ሳይንስ እንዲህ ነው፣ ያርማል።» ከዚያ ላስቲኩን ፈትተው አንዱን ቅጂ ወደሷ ገፋ አደረጉት። «ስምሽ ሳይገባ ቀርቶ አይቻለሁ፤ የጸሐፊዋ ስህተት ነው። ሦስተኛ ላይ አስገባዋለሁ።»

ሚጢ ወረቀቱን አየችው። አሥር ዓመት የጠበቀችው ቦታ በሁለተኛውና በሦስተኛው ስም መሃል፣ የጣት ውፍረት የማታህል ነጭ መስመር ነበረች። ‹የጸሐፊዋ ስህተት› የምትለዋ ቃል ባትኖር ምናልባት ትፈተን ነበር። «ፕሮፌሰር፣ ተገኘ የተባለው እኮ እኔ የጨመርኩት ነው» አለች። «በመካከላቸው ያለሁት እኔ ነኝ።»

«ማን ጠየቀሽ?» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ አሁን ድምፃቸው ተቀየረ።

ወጣች። ችኩሉን ከወንበሩ አስነስታ ተቀመጠችና በሁሉም ፊት የቀረውን ጨው ቀነሰችው። ስክሪኑ ትንሽ አሰበ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ፣ ከነስህተት ወሰኑ። ብስኩት ያላምጥ የነበረ ሰው ማላመጡን አቆመ። «አይነጋገሩም ማለት ነው?» አለ ችኩሉ በመጨረሻ፣ እንደ ሕፃን። «ሲነጋገሩ አላየንም ማለት ነው» አለችው። ፕሮፌሰሩ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። «ስህተቱ የማን እንደሆነ ለሁሉም ንገሪ» አሉ። «የኔ ነው።» «ቁልፉን ለጸሐፊዋ አስረክቢ።» የሚያውቋት ሰዎች ሁሉ በዚያች ደቂቃ የሚያዩት ነገር አገኙ፤ አንዱ ጫማውን፣ አንዱ የደረቀውን ተክል። ፕሮፌሰሩ መግለጫውን ራሳቸው ቀደዱት፤ በማግስቱ ለጋዜጠኞቹ ‹ንቁ ሆነን ስህተቱን ደረስንበት› እንደሚሉ የዚያን ጊዜውኑ ከፊታቸው አወቀች።

በአውቶቡሱ መስኮት ዳር ተቀምጣ አላለቀሰችም። ተናደደች፤ በፕሮፌሰሩ፣ በስልኩ፣ በማይንኳኳው በር፣ ከሁሉ በላይ በራሷ። አፏ ላይ የቀረችው ያቺ የተናገረቻት ነገር ነበረች፤ እኔ የጨመርኩት ነው። ሁለት ፌርማታ እንዳለፈች ነገሩ ገባት፤ ቢሮውን ትታ ቤቱን ማሰብ ጀመረች። አምና የተራገፈው ሻንጣ ዓይኗ ላይ መጣ። እህቷ ድንጋዩ ለሰለሰ ብላ የቀረችው በምን ለክታ ነው? በአንዲት ቃል ነው። ያቺን ቃል ደግሞ ሽማግሌው ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ከአፋቸው አላወጧትም። ሚጢ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ «አሞሻል እንዴ ልጄ?» አሏት፤ ደህና ነኝ አለች።

ቤት ስትደርስ ገና አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ፀሐይ መተላለፊያው መሃል ድረስ ገብታ ነበር። ማሽኑ ከኋላ ክፍል ይንኳኳል። አባቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው በሁለት ጣታቸው ግንባራቸውን ይዘዋል። ዛሬ ቶሎ መጣሽ አላሏትም። «ለእህትሽ ንገሪያት፤ ማሽኑን ታቁም። ራሴን አሞኛል» አሉ። ጫማዋን ሳታወልቅ መተላለፊያውን አለፈች። እህቷ በሰማያዊ ጨርቅ ክምር መሃል ጎንበስ ብላ፣ እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«አባዬ ማሽኑን ታቁም ብለዋል» አለች ሚጢ።

እህቷ እግሯን አነሳች፤ ማሽኑ ቆመ። የቀረውን ትጠብቅ ነበር። የቀረ ሳይመጣ ሲቀር ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እባክሽ የምትለዋን ዛሬ ረሳት?» አለች።

«አልረሱም። ብለውም አያውቁም።» ሚጢ የበሩን ጉበን ይዛ ነበር የቆመችው። «እኔ ነኝ ስጨምርበት የኖርኩት፣ እትዬ።»

እህቷ የሰፋችውን እጅጌ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ አስተካከለችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ምንም ያልተጨማደደ ጨርቅ። ትጮሃለች፣ ሳህን ይሰበራል ብላ ሚጢ ጠብቃ ነበር፤ ያ ቢሆን ይሻላት ነበር። «አምናም?» አለች እህቷ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አምናም።»

ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው። መቀሱን ከማኅደሩ ውስጥ ከተተችው፤ ማሽኑን በሽፋኑ ሸፈነችው፤ ወንበር ላይ ወጥታ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች። አቧራው ወረደ። ሚጢ ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ግን ዛሬ ከአፏ የሚወጣ ለስላሳ ቃል ማን ያምነዋል? እህቷ ቀና ብላ ሳታያት በሩን ከውስጥ በቀስታ ዘጋችባት። ሚጢ መተላለፊያው ውስጥ፣ የፀሐይዋ ጥግ ላይ፣ በሁለቱም እጇ ምንም ሳትይዝ ቆመች።

«ምን አለች?» አሉ አባቷ ከሳሎን።

«ምንም አላለችም።»

ወንበሩ ተንቋቋ። ሽማግሌው ወደ መተላለፊያው ዞረው፣ እጃቸውን ከግንባራቸው አውርደው፣ አንድ ነገር እንዳልገባው ሰው አዩአት። «እሺ አባዬም አላለች?»

«አላለችም።»

ከኋላ ክፍል የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት ተሰማ።

«ጠዋት እኮ ብላ ነበር» አሏት።